እንቁላል ያለበትን ማሳ እንዴት እናርሳለን? በጅማ ዙሪያ በእርሻና በጨፌ ላይ የሚራቡ ወፎችን መጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ዙሪያ ዝናብ ጠብ ማለት ሲጀምር ገበሬው በሬውን ጠምዶ ይወጣል። በዚያው ሰሞን ወፎቹም እዚያው መሬት ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ለመጣል ዛፍ ላይ አይወጡም። ገሚሶቹ የታረሰ ባዶ አፈር ላይ፣ ገሚሶቹ ከእርሻው በታች ባለው ጨፌ ውስጥ ይታቀፋሉ። ማረሻውና እንቁላሉ የሚገናኙት ለዚህ ነው።

እኔ እስካሁን ወፍ ጠልቶ ጎጆ ያፈረሰ ገበሬ አላጋጠመኝም። ጎጆው የሚጠፋው ቀኑ ስለሚጋጭና እንቁላሉ ስለማይታይ ነው። ማሳ ላይ ያለ አንድ ጎጆ የሚፈልገው ደግሞ አንድ ወር ገደማ ጊዜና አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ መሬት ነው። ይህን ያህሉን ማመቻቸት ይቻላል። ጨፌው ግን ሰፋ ያለ ስምምነት ይጠይቃል፤ እሱ ላይ ቆየት እላለሁ።

መመሪያው የታሰበው ለገበሬው፣ ለልማት ሠራተኛው፣ ለተማሪውና ቅዳሜ ጠዋት ወጣ ብሎ መርዳት ለሚፈልግ የከተማ ሰው ነው። ባይነኩላር (ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር) ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለም ሥራው አይቆምም።

የትኞቹን ወፎች ነው የምንጠብቀው?

ማሳው ላይ በብዛት የምናገኘው ላፕዊንግ የሚባሉትን ነው። ቁመታቸው ከርግብ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እግራቸው ረጅም ነው። አንደኛው ዓይነት ጥቁር ቆብ የደፋ ይመስላል። ደረቱ ጥቁር፣ ጉንጩና የአንገቱ ጎን ነጭ፣ ጀርባው ቡናማ ነው። ክንፉ መታጠፊያ ላይ ሹል እሾህ አለው። ሌላኛው በአብዛኛው ቡናማ ነው፤ ከምንቃሩ ሥር ቢጫ ሥጋ ተንጠልጥሎ ይታያል፣ እግሩም ቢጫ ነው። ሁለቱም ሰው ወይም ከብት ሲጠጋቸው እየጮኹ ከላይ ይወርዱበታል። እረኛ ሁሉ ያውቃቸዋል።

ጨፌው ውስጥ ያሉት ክሬን የሚባሉት ትልልቅ፣ እግራቸውም አንገታቸውም ረጅም የሆኑ ወፎች ናቸው። ባለ ዘውዱን የጅማ ሰው ከከተማው ዳር ባለው የቦዬ ጨፌ አካባቢ አይቶት ይሆናል። ራሱ ላይ ወርቃማ ጭራ የመሰለ ዘውድ አለው፤ ጉንጩ ነጭና ቀይ ነው። ሌላው ነጭ አንገት ያለው፣ ከአገጩ ሥር ሁለት ሥጋ የተንጠለጠለበት ትልቅ ክሬን ነው። ከአፍሪካ ክሬኖች በቁመት የሚያክለው የለም። ሁለቱም ክሬኖች በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ተመዝግበዋል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ከባለ ማሳው ጋር ተነጋገሩ

ይህን ዘሎ ጎጆ ፍለጋ የገባ ሰው ሥራው አይሰምርለትም። ቅድሚያ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ አነጋግሩ፤ ከዚያ ባለ መሬቱ ጋር ሂዱ። አፋን ኦሮሞ የምትችሉ በእሱ ጀምሩ። የማትችሉም ቢሆን ቢያንስ «አካም ጅርቱ» ብላችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ቡና ከቀረበም ሳትጠጡ አትነሡ።

ወሬው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሄዳል፦

«አባባ፣ ማሳዎ ላይ እየጮኸ የሚዞር ወፍ አለ እንዴ?»

«አለ እንጂ! በሬዎቹ ሲጠጉት አናታቸው ላይ ነው የሚወርደው።»

«እንቁላሉ ያለበትን ቢያሳዩን ዙሪያውን ችካል ብንተክልለት ብለን ነበር።»

«ችካል? ችካል ደግሞ ለምን?»

እዚህ ላይ ፊታቸው ከተቀየረ አይግረማችሁ። ከተማው እየሰፋ በመጣበት አካባቢ ችካል ማለት ልኬታ ማለት ነው፤ ልኬታ ደግሞ መሬት መሄዱ ነው። ስለዚህ ችካሉን እናንተ ይዛችሁ አትምጡ። ቀለም አትቀቡት። ባለ መሬቱ ከራሳቸው ግቢ እንጨት ቆርጠው ራሳቸው ይትከሉት፤ ሲፈልጉም ራሳቸው ይንቀሉት። ይህን ከመጀመሪያው በግልጽ ንገሯቸው። ፎርም ማስፈረም፣ ሜትር መዘርጋት፣ በስልክ ማሳውን ዙሪያውን ፎቶ ማንሳት ለዚያ ቀን ይቅር።

ብዙ ሰው ጋ በአንዴ መድረስ ከፈለጋችሁ እድር ላይ ወይም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹን አስፈቅዳችሁ ጥቂት ደቂቃ ተናገሩ። እረኞቹን ደግሞ ለብቻ አግኟቸው። የትኛው ማሳ ላይ ምን እንዳለ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ጊዜውን እወቁ

ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ዓይናችሁ ክፍት ይሁን። ላፕዊንጎቹ መሬቱ ርሶ ትል ሲወጣ ይጀምራሉ። ክሬኖቹ ጨፌው ውኃ እስኪይዝ ይጠብቃሉ፤ ዋና ጊዜያቸው ክረምቱ ነው።

ባለ እሾሁ ላፕዊንግ አብዛኛውን ጊዜ አራት እንቁላል ይጥላል፤ የሚታቀፈውም ከ22 እስከ 24 ቀን ነው። ባለ ቢጫ ሥጋው 30 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አራቱም እንቁላል ሞልቶ ያገኛችሁት ጎጆ ቢረዝም ቢረዝም አራት ሳምንት ከጥቂት ቀን ነው የሚያስጠብቃችሁ። ለገበሬው የሚነገረው ቁጥር ይህ ነው። «እስኪጨርሱ ይጠብቁ» ማለት ምንም አይነግረውም። «ሰኔ 20 ላይ ያልቃል» ካላችሁት ግን ሥራውን በዚያ ያቅዳል።

ክሬን ሌላ ነው። ባለ ዘውዱ ለአንድ ወር ገደማ ይታቀፋል። ትልቁ ክሬን ከዚያም ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ጥሎ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል። ጫጩቱ ለመብረር ከሦስት ወር በላይ ይወስድበታል። አንድ ጎጆ ጠፋ ማለት ለዚያ ጥንድ ዓመቱ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 3፦ ጎጆውን ሳትረብሹ ፈልጉ

ጠዋት ፀሐይ ሳይከር ሂዱ። ዝናብ እየዘነበ ወይም እኩለ ቀን ላይ አትግቡ፤ እናትየው ከተነሣች እንቁላሉ ወይ ይበርደዋል ወይ ይቃጠላል።

ከማሳው ዳር፣ ከተቻለ መቶ እርምጃ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚጮኸውን ወፍ በመከተል ነው። የሚጮኸው ትኩረታችሁን እየሳበ ነው። እናንተ ማየት ያለባችሁ ዝም ብላ፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ በእግሯ ከቦታው የምትርቀውን ነው። እሷ ናት ከእንቁላሉ ላይ የተነሣችው።

ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ስትመለስ በቀጥታ አትሄድም። ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ መሬት የምትለቅም ትመስላለች፣ ደግሞ ትራመዳለች። በመጨረሻ አንድ ቦታ ላይ ጉልበቷን አጥፋ ሰውነቷን ወዲህ ወዲያ እያመቻቸች ቁጭ ትላለች። ያንን ቦታ ከበስተ ኋላው ካለ ዛፍና ከፊቱ ካለ ጓል ጋር አስተካክላችሁ ያዙት። ከዚያ ተነሥታችሁ በቀጥታ ሂዱ፤ የመጨረሻውን ሃያ እርምጃ እግራችሁን እያያችሁ።

ጎጆ ሲባል ትልቅ ነገር አትጠብቁ። መዳፍ የምታክል ጎድጓዳ ነገር ናት፤ ውስጧ ጥቂት የደረቀ ሣር ወይም ጠጠር ይኖራል። እንቁላሎቹ እንደ ደረቀ አፈር ቡናማ ሆነው ጥቁር ነጠብጣብ አላቸው። ሹል ጫፋቸውን ወደ መሐል አድርገው ይቀመጣሉ። አይታችሁ እንኳ አንዴ ዓይናችሁን ካነሣችሁ መልሳችሁ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ጎጆው ዘንድ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትቁሙ። እንቁላሉን በእጅ አታንሡ። በመጣችሁበት አትመለሱ፤ አልፋችሁ ሂዱ። እዚያው ቆሞ የሚያልቅ ዱካ ለውሻም ለፋሮም መንገድ ማሳየት ነው። ቁራ ከላይ እየዞረ ከሆነ ደግሞ ለዚያ ጊዜ ተዉት። ቁራ ሰው የቆመበትን ያስተውላል።

ክሬን ከሆነ ጭራሽ አትጠጉ። ጎጆው ውኃ መሐል ከተረገጠ ቄጤማ የተሠራ ክምር ነው። ቢያንስ ሁለት መቶ እርምጃ ርቃችሁ ቦታውን መገመት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ምልክት አድርጉ

ከጎጆው አጠገብ ምልክት አታድርጉ። አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ይበል። ምልክቱ ከጉልበት ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም እንጨት ለቁራና ለጭልፊት መቀመጫ ይሆናል።

ውጭ አገር ያሉ መመሪያዎች በአብዛኛው ሁለት እንጨት ይበቃል ይላሉ፤ ትራክተሩ በሚሄድበት መስመር አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እኛ ጋ ይህ አይበቃም። በበሬ ሲታረስ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን አቋርጦ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አራት ያስፈልጋል፤ ጎጆውን መሐል አድርጎ በአራቱም አቅጣጫ አንዳንድ። አራሹ ከየትም ይምጣ አስቀድሞ ያየዋል።

ደረጃ 5፦ ዙሪያውን እረሱ

በአራቱ ችካሎች መሐል ያለውን ተዉትና ሌላውን እንደ ልማዳችሁ እረሱ። ወፏ በሬዎቹ ሲደርሱ ትነሣለች፤ ራቅ ሲሉ ትመለሳለች። አስቸጋሪ የሚሆነው በሬ እዚያው አቁሞ ማረፍ፣ እዚያው ምሳ መብላት ነው። እረፍቱ ከማሳው ሌላ ዳር ይሁን።

ገበሬው ምን ያጣል? በግልጽ መነገር አለበት። አሥር በአሥር ሜትር ማለት መቶ ካሬ ሜትር ነው። ሩብ ሄክታር ከሆነ ማሳ ላይ አራት ከመቶ ነው። ጫጩቶቹ ሲወጡ ይታረሳል፣ ይዘራልም፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው። በቆሎ ከሆነ ዘግይቶ የተዘራው ማነሱ አይቀርም። እዚያች ላይ ጎመን ወይም ሌላ ቶሎ የሚደርስ ነገር ማድረግ ያዋጣል። ጤፍ ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለም፤ የጤፍ ዘር እስኪደርስ ላፕዊንጉ ጨርሷል።

ጤፍ ላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ዘር ከመዘራቱ በፊት ማሳውን በከብት ማስረገጥ የተለመደ ነው። ከማረሻ ያመለጠ ጎጆ እዚያ ላይ ያልቃል። በዚያ ቀን አንድ ልጅ ችካሉ ዘንድ ቆሞ ከብቱን ካዞረ በቂ ነው።

እንቁላሉን ወደ ሌላ ቦታ ላዛውር የሚል አይጠፋም። አታዛውሩ። ወፏ የምትመለሰው ወደ ቦታው ነው፤ እንቁላሉ እዚያ ከሌለ ትታው ልትሄድ ትችላለች።

የተወሰነላችሁ ቀን ሲደርስ ጎጆውን እዩት። ባዶ ሆኖ ከሥሩ እንደ ብናኝ ያለ ትንንሽ የቅርፊት ስባሪ ካገኛችሁ ተፈልፍሏል። ትልልቅ ቅርፊት ወይም የፈሰሰ አስኳል ካለ አንድ ነገር በልቶታል።

ደረጃ 6፦ ጫጩቶቹ የት እንደሚሄዱ አስቡ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። የላፕዊንግ ጫጩት ግን እንደተፈለፈለ ቢበዛ በቀጣዩ ቀን ጎጆውን ለቆ በእግሩ ይሄዳል። ወላጆቹ አያጎርሱትም። ራሱ ትልና ነፍሳት ይለቅማል። መብረር እስኪችል ሳምንታት አሉ። በእነዚያ ሳምንታት የሚያስፈልገው እርጥብ ዳርቻ፣ አጭር ሣርና ነፍሳት ነው።

ስለዚህ በማሳው ጠርዝ፣ በተለይ ቦዩ አጠገብ፣ ሁለት እርምጃ ስፋት ያለው መስመር ሳይረጭ ይቅር። ቱ ፎር ዲም ሆነ ሌላ የአረም መድኃኒት አረሙን ሲያጠፋ ነፍሳቱ የሚኖሩበትንም ያጠፋል። የተባይ መድኃኒት ደግሞ በቀጥታ ምግባቸውን ይገድላል። የሚረጨውን ሰው «ዳሩን በእጅ እናርመው» ብሎ ማሳመን ይቻላል፤ በተለይ ከብት ከዚያ ቦይ የሚጠጣ ከሆነ።

ቦዩ ለሌላም ነገር ያስፈልጋል። ፀሐይ ሲበረታ ባለ እሾሁ ላፕዊንግ ወደ ውኃው ይሄድና የሆዱን ላባ ይነክራል። ከዚያ ውኃውን እንደያዘ ተመልሶ እንቁላሉ ላይ ይቀመጣል። እንቁላሉን የሚያቀዘቅዘው በዚህ ነው። ራቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው ከሆዱ ሥር ውኃ ሲንጠባጠብ ይታያል። ይህን ያየ ገበሬ ቦዩን አይደፍንም።

ማሳ ውስጥ ስትሄዱ ወላጆቹ ድንገት ከላይ ከወረዱባችሁ ባላችሁበት ቁሙ። ጫጩቶቹ በዚያ ጩኸት መሬት ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ፤ ከጫማችሁ ሥር ሊሆን ይችላል። እግራችሁ አካባቢ ያለውን በደንብ አይታችሁ በመጣችሁበት ተመለሱ። ብቻውን ያገኛችሁትን ጫጩት «እናት የለውም» ብላችሁ አታንሡት። እናትየው እያየቻችሁ ነው።

ውሾችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ በእነዚህ ሳምንታት ከእረኛ ጋር ውሻ ማሳ ባይወርድ ብዙ ጫጩት ይተርፋል። ሌላ ሁሉ ቢቀር ይህን ለምኑ።

ደረጃ 7፦ ጨፌው

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ማሳ ላይ ያለው ጎጆ በአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ይድናል። ጨፌ ግን የብዙ ሰው ነው። በአንድ በኩል ከብት ይግጣል፤ በሌላ በኩል በቆሎና አትክልት ይዘራል። ለጡብ ጭቃ ይቆፈራል፤ ለቡናና ለበዓል ቄጤማ ይታጨዳል። በጅማ ዳር ያሉትን ቦዬንና ኪቶን ያየ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያያል።

ጨፌን አትንኩ ማለት አይሠራም፤ ትክክልም አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ገበሬዎች ጨፌን ሳያጠፉ ሲያርሱ ኖረዋል። አሠራሩን ማስታወስ ነው የሚያስፈልገው።

አንደኛ፣ የጨፌውን ራስ ተዉት። ውኃው ከዳገቱ ሥር የሚመነጭበት የላይኛው ክፍል ቄጤማውን እንደያዘ ይቆይ። እሱ ከታረሰ ምንጩ ይደክማል፤ የታችኛውም ማሳ በበጋ ይደርቃል። ውኃው የሚወጣበትንም ጫፍ እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ማፋሰሻውን አታጥልቁ። ሥሩ እንዲተነፍስ የሚበቃ ጥልቀት ይበቃል። በጣም የጠለቀ ቦይ በበጋ መሬቱን ሰነጣጥቆ ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ምርቱ እንደተሰበሰበ ማፋሰሻውን በአፈርና በሣር ዝጉት። ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የጨፌው በቆሎ በብዙ ቦታ ክረምቱ ሳያልቅ ይነሣል። በዚያው ሳምንት ቦዩ ከተዘጋ ውኃው ይመለሳል፣ ቄጤማው ያቆጠቁጣል፣ ክሬኑም ሳይረፍድበት ቦታ ያገኛል። በደቦ ከተሠራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

አራተኛ፣ ባሕር ዛፍ ከጨፌው ዳር ይራቅ። ገንዘብ እንደሚያመጣ አውቃለሁ። ግን ዳገቱ ላይም ይበቅላል። ከውኃው ዳር ዶቅማ ቢተከል ይሻላል። ያሉትን ትልልቅ የአገር ዛፎች አትቁረጡ፤ ባለ ዘውዱ ክሬን የሚያድረው ዛፍ ላይ ነው።

የቄጤማ አጨዳው ከባድ ነው፤ አልሸሽገውም። ገበያው የሚጋለው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ክሬኑ ጫጩት ይዞ የሚንከራተተውም በዚያው ሰሞን ነው። አጫጆቹ ገቢያቸውን እንዲተዉ መጠየቅ አይቻልም። የሚቻለው ከዳር ወደ መሐል ሳይደርሱ እንዲያጭዱ፣ በየተራ አንዱን ወገን ይዘው ሌላውን እንዲተዉ፣ ጥንድ ክሬን ከታየበት ሁለት መቶ እርምጃ እንዲርቁ መስማማት ነው። ቄጤማው መሸጡ እንደውም ለጨፌው ጥሩ ነው። የሚሸጥ ነገር ያለበትን ጨፌ ለማድረቅ ማንም አይቸኩልም።

ስምምነት ይሠራል ወይ ለሚል የበርጋን ጨፌ ልጥቀስ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ነው። ነጭ ክንፍ ያላት፣ በዓለም ላይ እጅግ ብርቅ የሆነች ትንሽ የጨፌ ወፍ በክረምት እዚያ ትራባለች። የአካባቢው ሰው በመራቢያዋ ወቅት ከብት እንዳይገባ ተስማምቶ ቦታውን ሲጠብቅ ቆይቷል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም አብሮት ሠርቷል።

ከወረዳ ሰዎች ጋር ስትነጋገሩ ስለ ወፍ ብቻ አታውሩ። የአዌቱ ወንዝ ውኃ በቦዬ በኩል ወደ ግልገል ጊቤ ወንዝ ይወርዳል፤ ከታች ግድብ አለ። ጨፌው አፈሩን ካላስቀረ ግድቡ ውስጥ ነው የሚከማቸው። ይህን የሚሰማ ኃላፊ አለ። የዱር እንስሳት አዋጁም ያለ ፈቃድ ማደንና መያዝን ይከለክላል። አዋጁን ግን ገበሬ ማስፈራሪያ አታድርጉት። ወንጭፍና ጥይት ይዞ ለመዝናናት ለሚመጣ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ደረጃ 8፦ ክሬን ዘር በላ ሲባል

ይበላል። መካድ አያስፈልግም። ባለ ዘውዱ መሬቱን በእግሩ እየደበደበ ነፍሳት ያስነሣል፤ ትል ይለቅማል፤ አዲስ የተዘራ እህል ካገኘም አይምርም። አቤቱታ የሚመጣው ከዘር እስከ ቡቃያ ባሉት ቀናት ነው። በእነዚያ ቀናት ንጋት ላይና አመሻሽ ላይ ሰው ማሳው ላይ ይቁም፤ ማጨብጨብ ይበቃል። ዘሩን አፈር በደንብ ማልበስም ይረዳል። ቡቃያው ሥር ከያዘ በኋላ ማባረር አያስፈልግም። መርዝ የተቀባ ዘር መበተን ግን ክሬኑን ብቻ አይገድልም፤ ዶሮውንም ውሻውንም ይገድላል።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ፣ ቦታውን ግን አትበትኑ

አንድ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ የማሳው ምልክት፣ የወፉ ዓይነት፣ የእንቁላል ብዛት፣ የመጨረሻ ውጤት። ሁለትና ሦስት ዓመት ሲጠራቀም የትኛው ማሳ ላይ እንደሚመለሱ ይታወቃል፤ ለቀጣዩ ዓመት ፍለጋውም ያጥራል። መዝገቡ ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ይጠቅማል።

የጎጆ ፎቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ጫጩቶቹ ከበረሩ በኋላ ልቀቁት፤ ያኔም የቦታውን ስም ሳትጽፉ። በቪዲዮ ምክንያት ጎጆ ሊያይ የሚመጣ ሰው ብዛት ከቁራ የባሰ ነው።

ጎጆው ከጠፋስ?

ይጠፋል፤ ሁሉም አይተርፍም። ላፕዊንግ ወቅቱ ገና ከሆነ እንደገና ሊጥል ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ከመጀመሪያው ቦታ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ባለ ማሳውን «አለቀ» ብላችሁ አትሸኟቸው። ችካሉን ነቅለው ደጃፋቸው ያስቀምጡት። ጥንዱ ማሳው ላይ እየጮኸ ከዋለ ከሳምንት በኋላ ጠዋት ተመልሳችሁ ከደረጃ 3 ጀምሩ።